ዋቲ የተወው የበግ መሹለኪያ

ዋቲ ማክጋፎግ የዳሮክ መንደር ሸንጎ ሊቀ መንበር የሆነው፣ ደጃፉ ላይ ስላለው የመንገድ ጉድጓድ ሊያማርር ሄዶ ነው። ዘግይቶ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ባዶ የቀረው ወንበር ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ብቻ ስለነበር ሄዶ እዚያ ተቀመጠ። የቀድሞው ሊቀ መንበር በጉልበት ሕመም ከለቀቀ ወራት አልፈው ነበርና ሰው ሁሉ ያየው ጀመር። ባለቤቴ ጊልበርት ከኋላ ሆኖ፣ «እንግዲህ ተቀምጠሃል፤ ጀምር» አለው። ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል፤ ጉድጓዱ ግን ዛሬም አለ።

ሸንጎው ደመወዝ የለውም፤ ሥልጣንም የለውም። የመንደሩን አቤቱታ ወደ አውራጃው ምክር ቤት ያደርሳል፤ የምክር ቤቱን መልስ ይዞ ሲመለስ ይሰደባል። ምክር ቤቱ ያለበት ከተማ ሩቅ ነው፤ በጎች መንገድ ላይ ከተኙ ደግሞ ይበልጥ ይርቃል። ዋቲ በዚያች አሮጌ መኪናው ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አላውቅም። ለአውቶቡስ መጠለያው ሄዷል። በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ ስለሚበተነው ጨው ሄዷል። ትምህርት ቤታችን ሊዘጋ ነው ሲባል ሄዶ፣ ቆሞ፣ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠርቶ ተቀመጠ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም አሉ። ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም። እኔም እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ።

መተዳደሪያው ካብ ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያስቀመጠ የኮረብታውን ግጦሽ ሲከልል ኖሯል። ሙያውን ከአጎቱ ተማረ። ሚስት አላገባም። ከመንደሩ በላይ፣ መንገዱ በሚያልቅበት ቤት ከአንዲት ውሻ ጋር ይኖራል። እሑድ እሑድ ወደኛ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከጓሮው ጎመን ወይም ባሮ ሽንኩርት በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣና ስናመሰግነው «የተረፈ ነው» ይላል። እጁ የገባ ድንጋይ መልሶ አይጥልም፤ ቦታ እስኪያገኝለት ድረስ ይዞት ይዞራል። ስብሰባም ሲመራ እንዲሁ ነው። የማንም ሰው ወሬ፣ ምንም ያህል ጎደሎ ቢሆን፣ አንድ ቦታ ሳያስቀምጠው አያልፍም። ስለዚህ ስብሰባዎቻችን ረጅም ናቸው።

ጥሩ ካብ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው ሁለት ፊት ያነሣሉ፤ በመሀል የሚቀረውን ሆድ በጠጠር ይሞላሉ፤ ካቡ ጉልበት አልፎ ከፍ ሲል ሁለቱን ፊት የሚያይዝ ረጅም ድንጋይ ከወዲህ ወዲያ ያጋድማሉ። ከዋቲ ማዶ ዕድሜውን ሙሉ የቆመው ጊልበርት ነው። ካብ ከሰው ደረት አይበልጥምና ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት እየተያዩ ይሰዳደባሉ። የጊልበርትን ፊት ከእኔ ይልቅ ዋቲ ነው ያየው እያልኩ እቀልድ ነበር። እውነትም ነበር።

ጊልበርት የታመመው ክረምቱ ወጥቶ በጎቹ በሚወልዱበት ሰሞን ነው። ሐኪሟ ግልጽ ሴት ነበረች፤ በጋው ሲያልቅ የኮረብታው ቅጠል ቀልቶ ሲረግፍ እንዲያይ ተስፋ እንዳናደርግ ነገረችን። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን እኔ ነበርኩ የምነዳው። ድልድዩን ስንሻገር ወደኔ ዞረ።

«ኤልሲ» አለኝ።

«አቤት።»

«ከተማ አትውሰዱኝ። እዚያ ማንንም አላውቅም።»

የመንደራችን መቃብር ሞልቶ ነበር። ባለፈው ዓመት የሞቱብን ሰዎች ከተማ ነው የተቀበሩት። ጎረቤታችን ኔታ ሃኔይ እዚያ ከተቀበረች ወዲህ እህቷ አበባ ለማስቀመጥ ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች። ጊልበርት የጠየቀኝ ይህንኑ አንድ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ በእጄ አልነበረም።

ዋቲ ነገሩን አስቀድሞ ይዞት ነበር። ገበሬው አግኒው ከመቃብሩ ጀርባ ያለውን የማሳውን ጥግ ለመስጠት ፈቅዷል። ምክር ቤቱም ቦታውን ሊረከብ፣ ውሃ መውረጃና በር ሊሠራ ተስማምቷል። የቀረው ካቡ ነው። ለካብ ግን አቅም የለንም አሉ፤ ሲሉም አፍረው ነው የተናገሩት። ዋቲ ተነሥቶ፣ «ካቡን እኛ እንክበዋለን» ብሎ ተመለሰ።

እሑድ ባሮ ሽንኩርቱን ይዞ ሲመጣ ጊልበርት ጠየቀው።

«እኛ ማለት እነማን ናችሁ?»

«እኔና አንተ።»

«እኔ እኮ ማንቆርቆሪያ ማንሣት አቅቶኛል፣ አንተ ደንቆሮ።»

«አውቃለሁ» አለ ዋቲ። ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ጀመር። «ታዲያ ምን ልበላቸው?»

ጊልበርት ወደኔ ዞረ። «ኤልሲ በኔ በኩል ትቁም።»

«ኤልሲ? ኤልሲ የምታውቀው ሾርባ ነው!»

«ሾርባዋን እየበላህ ነው የኖርከው። እጇን አይተኸዋል? የስልሳ ልጅ ድስት ስትሸከም የኖረች ሴት ናት። ካንተ ትሻላለች።»

«እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ» አልኳቸው። «ከመከራከራችሁ በፊት ብትጠይቁኝ ምን አለ?»

«እሺ፣ ትቆሚያለሽ?» አለ ዋቲ።

«እቆማለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ያን በጋ ሙሉ ከዋቲ ማዶ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ረዳን። አግኒው በትራክተሩ ድንጋይ አመላለሰ፤ ሌላው ጠጠር በባልዲ ተሸከመ፤ ሻይና የአጃ ቂጣ የማያመጣ አልነበረም። ፊቱን የምናነሣው ግን ሁለታችን ነበርን። መኪናችንን በሩ አጠገብ አቆማታለሁ፤ ጊልበርት ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስኮቱን ከፍቶ ይቀመጣል።

«ኤልሲ፣ ያንን ድንጋይ ገልብጪው!»

«እየገለበጥኩት ነው!»

«ዋቲ፣ መስመርህ ጎበጠ!»

«የጎበጠው አንገትህ ነው!» ይለዋል ዋቲ ቀና ሳይል።

ከሁሉ የሚከብዱት ከወዲህ ወዲያ የሚጋደሙት ድንጋዮች ነበሩ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ካቡ ላይ እናወጣዋለን። ዋቲ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚለው። «ቀስ… ትንሽ ወዳንቺ… ያዢው… አሁን ልቀቂ።» ያን «ልቀቂ» ሳይል ብለቅ ጣቴ ይቀራል። መጀመሪያ እፈራ ነበር፤ በኋላ ግን ድምፁን እየሰማሁ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ መልቀቅ እችል ነበር።

ወደ ኮረብታው የሚያየውን የላይኛውን ጎን በምንሠራበት ሳምንት ጊልበርት ደረቱን ብሶት ከአልጋ አልተነሣም። ሐኪሟ እየመጣች ታየው ነበር፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር የምወጣው። ያን ሳምንት ከዋቲ ጋር ብዙ አልተነጋገርንም። ሁለታችንም ጭንቅላታችን ሌላ ቦታ ነበር፤ እጃችን ብቻ ሠራ።

ካቡ አለቀ። ምክር ቤቱ መጥቶ አይቶ፣ ቦታውን ተረክቦ መቃብር መሆኑን እስኪፈቅድ ድረስ ማንም አይቀበርበትም። ቦታው በደንብ የተከለለ፣ ከብት የማይገባበት መሆን አለበት። ሼና ዳልግሊሽ የምትባል ወጣት ሴት ከምክር ቤቱ መጣች። የአውራጃውን መቃብሮች ሁሉ የምታየው እሷ ብቻ ናት፤ መኪናዋ እስከ መስኮቱ በጭቃ ተለውሷል። ያን ቀን ጊልበርት ትንሽ ተሽሎት ነበርና ካልሄድኩ ስላለ በመኪና ወሰድኩት።

በሩን ከፍተን ስንገባ ሦስት በጎች አዲሱን ሣር እየጋጡ አገኘናቸው።

ዋቲ ቆመ። «በሩን ማን ከፍቶ ተወው?»

«በሩ ተዘግቶ ነው ያገኘነው፣ ሚስተር ማክጋፎግ» አለች ሼና። «ቁልፉን የከፈቱት አሁን እርስዎ ነዎት።»

በጎቹ እኛን ሲያዩ አልደነገጡም። ተራ በተራ ወደ ላይኛው ጎን ሄደው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ በካቡ ሥር ባለ ቀዳዳ ሹልክ እያሉ ወደ ኮረብታው ወጡ። የመጨረሻዋ ዞር ብላ አየችን።

ለማያውቅ ሰው መንገር አለብኝ። ኮረብታ ላይ ካብ ሲሠራ፣ በጎች ከአንዱ ግጦሽ ወደ ሌላው እንዲያልፉ ከሥር አራት ማዕዘን መሹለኪያ ይተዋል፤ ላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጋደምበታል። ዋቲ በሕይወቱ ሙሉ ኮረብታ የሚነካ ካብ ያለ መሹለኪያ ሠርቶ አያውቅም። ይህንንም ሠራው፤ አሳምሮ። እኔም ከማዶ ሆኜ አብሬው ሠርቼዋለሁ። ለውሃ መውረጃ መስሎኝ ነበር።

ዋቲ ፊቱ አመድ መሰለ። ባርኔጣውን አወለቀ። «እጄ ነው» አለ። «እኔ አልተውኩትም። እጄ ነው የተወው።»

ያኔ ከመኪናው በኩል አንድ ድምፅ ሰማሁ። የሚያስለው መስሎኝ ሮጥኩ። ጊልበርት እየሳቀ ነበር። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ወራት አልፈው ነበር፤ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል።

«ዋቲ!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ግን ሩቅ አልሄደም። «ለኔ ነው እንዴ የተውክልኝ? ሲሰለቸኝ ወጣ ብዬ እንድመለስ ነው?»

«ዝም በል» አለው ዋቲ። «ዝም በል፣ እባክህ።»

ሼና እሷም ልትስቅ ብላ ሳቋን ዋጠችው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚስተር ማክጋፎግ። በግ የሚገባበትን ቦታ ተረክቤ መፈረም አልችልም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።»

«ዛሬ ብደፍነው መቼ ትመለሻለሽ፣ ልጄ?»

«ወደዚህ በኩል የምመለሰው ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።»

ዋቲ ወደ መኪናችን አየ። እሷም ዓይኑን ተከትላ አየች፤ ብርድ ልብሱን፣ የመስኮቱን ጫፍ የያዘውን የጊልበርትን እጅ። ምን እንደተረዳች አልጠየቅኳትም።

«ምሳዬን አልበላሁም» አለች። «የምበላው መኪናዬ ውስጥ ነው። በጣም ቀስ ብዬ ነው የምበላው፤ እናቴ ሁልጊዜ ትቆጣኝ ነበር።» ሄዳ መኪናዋ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች።

ዋቲ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። ነገር ግን ድንጋይ አልነበረም። ጥሩ ካብ ሠሪ ሥራውን ሲጨርስ ትርፍ አይተውም፤ አግኒው ያመጣውን የመጨረሻውን ጠጠር ሳይቀር ተጠቅመንበት ነበር። ዋቲ ዙሪያውን አየ። ቤቱ ቅርብ ነው፤ ጓሮውን የሚከልለው የአጎቱ ሥራ የሆነ አሮጌ ካብ ነው።

«ኤልሲ፣ መኪናሽን አስነሺ።»

«ጊልበርት ውስጥ ነው።»

«እሱንም ነው የምፈልገው።»

ሄድን። ዋቲ የጓሮውን ካብ በሁለት እጁ ያፈርሰው ጀመር። ጊልበርት በመስኮቱ ጣቱን እየቀሰረ ይመርጥለታል።

«ያንን። አይ፣ ከሱ በስተግራ ያለውን ወፍራሙን። ያ ቀጭን ነው፣ ለባርኔጣ ማስቀመጫ ይሁንህ።»

«ይሄስ?»

«አጎትህ ያን ድንጋይ ሲያስቀምጥ አላየህም? እንዴት አድርጎ እንዳነጠፈው ተመልከት። እሱን ውሰድ።»

«ጎመኔ ክፍት ቀረ።»

«ጎመንህ ድሮም አይጣፍጥም።»

የኋላ መቀመጫውና የዕቃው መጫኛ በድንጋይ ሞላ። መኪናችን ወደ ኋላ ዝቅ ብላ፣ እየተንቋቋች ወረደች። ስንመለስ ሼና ዳቦዋን ጨርሳ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ስናልፍ ቀና አላለችም። ዋቲ ከውስጥ፣ እኔ ከኮረብታው በኩል ተንበርክከን መድፈን ጀመርን። ካፊያ መጣ። ድንጋዩ እጃችን ላይ ይንሸራተታል። በቀዳዳው ውስጥ የዋቲን ጉልበት ብቻ ነበር የማየው፤ ከዚያ ያንንም አላየሁም።

አንድ ጊዜ ቀና ስል ሼና ብርቱካኑ ላይ ያለውን ነጭ ክር አንድ በአንድ ስታነሣ አየኋት። ከዚያ ወጥታ ወደ ጊልበርት ሄደች፤ ሻይ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ከኔ ፔርሙዝ ቀዳላት። ምን እንደተጨዋወቱ አላውቅም፤ ሳቅ ሰምቻለሁ። ሻይ የምትወድ ሴት መሆኗን ግን እጠራጠራለሁ፤ ኩባያው ሲመለስ ሙሉ ነበር።

ዋቲ የመጨረሻውን ሽብልቅ በመዶሻው ኮርኩሞ ከጨረሰ በኋላ ሼና መጣች። የደፈንነውን በጫማዋ ጫፍ ገፋችው። ጎንበስ ብላ እጇን በዙሪያው አሳለፈች።

«በግ አይገባበትም» አለች። ወረቀቱን የመኪናዋ ሞተር ክዳን ላይ አድርጋ ፈረመች። ዋቲ ሊያመሰግናት ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ ያገኘው ቃል ግን «ጎመን ትወጂያለሽ?» የሚል ነው።

«እወዳለሁ።»

«አሁን የለኝም» አለ።

በሚቀጥለው የሸንጎ ስብሰባ ላይ ዋቲ ቆመና፣ መቃብር ውስጥ በግ ያስገባ ሰው ሊቀ መንበር ሊሆን አይገባውም፣ ለቅቄያለሁ አለ። ሰው ሁሉ የየራሱን ጫማ አየ። በመጨረሻ ፖስታ የምታድለው ሮና፣ «ዋቲ፣ ቀጣዩ ጉዳይ ምንድን ነው?» አለችው። ወረቀቱን አየ። «የመንገዱ ጉድጓድ» አለና ተቀመጠ።

ጊልበርት የሞተው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ጠዋት፣ ሬዲዮው ስለ አየር ሁኔታ ሲያወራ ነው። እጁ እጄ ውስጥ ነበር። ስለዚያ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እኛ ዘንድ ሬሳ ሳጥኑን ወደ ጉድጓድ የሚያወርዱት ዘመድና ወዳጅ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ገመድ ይደርሰዋል። የራስጌው የቅርቡ ሰው ነው። እሱን እኔ ያዝኩ። የግርጌውን ለዋቲ ሰጠሁት። አዲሱ መቃብር ውስጥ የመጀመሪያው ጊልበርት ነበር፤ ከላይኛው ካብ አጠገብ፣ እሱ ራሱ በመረጠው ቦታ። ቄሱ ጸሎቱን ጨረሰ። ሳጥኑ ተነሣ። ገመዱ ከብዶ እጄ ውስጥ ሄደ፤ እስከ የት ድረስ እንደምይዝ፣ መቼ እንደሚበቃ አላወቅኩም።

ዋቲ ከግርጌ ሆኖ በጉድጓዱ ላይ አሻግሮ አየኝ።

«ቀስ» አለ፤ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ትንሽ ወዳንቺ። ያዢው።»

ያዝኩት።

«አሁን ልቀቂ፣ ኤልሲ።»

ለቀቅኩ።

ከቀብር በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሊጥ ውስጥ የተጋገረ የሥጋ ፓይ ተበላ። ሼና ዳልግሊሽ ያን ሁሉ መንገድ ነድታ መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር።

ያን ክረምት የአግኒው በጎች በፈረሰው የጓሮ ካብ በኩል ገብተው የዋቲን ጎመን እስከ ሥሩ በሉት። ባሮ ሽንኩርቱንም ረገጡት። እሑድ እሑድ ባዶ እጁን መጥቶ በር ላይ ይቆም ነበር፤ መግባት ያፍር ነበር። እየጎተትኩ አስገባዋለሁ። አሁን ጎመን የምገዛው እኔ ነኝ፤ ከሱቅ አምጥቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። «የተረፈ ነው» እለዋለሁ።

የተደፈነው መሹለኪያ ዛሬም ከሩቅ ይታያል፤ ግራና ቀኙ ቀጥ ብሎ የወረደ ሁለት መስመር አለው። ለካብ ሠሪ ይህ ነውር ነው። ዋቲ ባለፈ ቁጥር ያየውና አፍርሼ ላስተካክለው ይለኛል። አይሆንም እለዋለሁ። ጊልበርት የመረጣቸው ድንጋዮች ናቸው። አበባ ሳስቀምጥ ጀርባዬን የማስደግፈው እዚያ ላይ ነው፤ ከቤቴ በእግሬ ሄጄ፣ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ በጎቹ መውለድ ሲጀምሩ አግኒው አንድ ጭነት ድንጋይ ዋቲ ደጅ አራግፎ ሄደ፤ ዋቲም በማግስቱ የጓሮውን ካብ ብቻውን ይክብ ጀመር። በመንገዱ ስወጣ አየሁት። ከወዲህ ጥቂት ያስቀምጥና ዞሮ ከወዲያ ያስቀምጣል፤ እንደገና ይዞራል። መኪናዬን የመንገዱ ጉድጓድ አጠገብ አቆምኩ። ጓንቴን ከመቀመጫው ሥር አወጣሁና በጊልበርት በኩል ቆምኩ።

ዋቲ አየኝ። አንድ ድንጋይ በእጁ ይዞ ነበር፤ ከሱ በኩል ቦታ አላገኘለትም።

«ያንቺ ነው» አለና አሻግሮ ሰጠኝ።